የክለብ ክሪኬት ተጫዋቾችን ማሠልጠን፦ በሳምንቱ ጥቂት ሰዓታት ምን እንሥራ?

የክለብ ክሪኬት ተጫዋች ከአሠልጣኙ ጋር የሚገናኘው በሳምንት አንድ ወይም ቢበዛ ሁለት ምሽት ነው። ከሥራ ወይም ከትምህርት ቤት ደክሞ ይመጣል፤ ጥቂት ሰውነቱን ያፍታታል፤ በመረብ ወደታጠረው የልምምድ ቦታ ገብቶ ለአሥር ደቂቃ ያህል ኳስ ይመታል፤ ከዚያም ወጥቶ ለሌሎቹ ይወረውራል። የጨዋታው ቀን ሲደርስ ግን ባለፈው ሳምንት ከሜዳ በወጣበት ስሕተት ዳግመኛ ይወጣል። ብዙዎች ይህን የተሰጥኦ ማነስ አድርገው ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የልምምዱ ነው ብዬ አምናለሁ። በተለመደው የመረብ ልምምድ ውስጥ ስሕተት ዋጋ አያስከፍልምና። መቺው ስተምፑ፣ ማለትም ከኋላው ከቆሙት ሦስት እንጨቶች አንዱ፣ ቢፈርስበት ኳሱን መልሶ ሰጥቶ መምታቱን ይቀጥላል፤ ወርዋሪው መስመሩን አልፎ ቢረግጥ የሚናገረው የለም፤ የተመታው ኳስ በጨዋታ ላይ ቢሆን ኖሮ ሩጫ፣ ማለትም ነጥብ፣ ያስገኝ እንደነበር ወይም በተጋጣሚ ተጫዋች እጅ ይገባ እንደነበር ማንም አይጠይቅም። ከዚህ በታች የሚቀርበው እነዚያን ጥቂት ሰዓታት ከእውነተኛው ጨዋታ ጋር ለማቀራረብ የሚረዳ አሠራር ነው።

ከማረም በፊት መመልከት

አዲስ ቡድን የተረከበ አሠልጣኝ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ጨዋታዎች ማንንም ሳያርም፣ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ቢመለከት ብዙ ድካም ይቀንስለታል። እያንዳንዱ መቺ እንዴት እንደወጣ መመዝገብ አለበት፦ ስተምፑ ተመትቶ ነው፣ የመታው ኳስ ሳይነጥር ተይዞበት ነው፣ ኳሱን በእግሩ ጋርዶ ነው፣ ወይስ ሲሮጥ ተቀድሞ? ወርዋሪው ደግሞ በአንድ ኦቨር ውስጥ ካሉት ስድስት ኳሶች ስንቱን በፈለገበት ቦታ እንዳነጠረ ይቆጠራል። ይህ መዝገብ አሠልጣኙን ከግምት ያድነዋል። በስድስት ጨዋታ ውስጥ አራት ጊዜ ኳሱ በመምቻው ጠርዝ ተነክቶ ከስተምፖቹ ኋላ በሚቆመው ዊኬት ጠባቂ የተያዘበትን ሰው፣ የሚያምር የፊት ምት እንዲማር ማድረግ ጊዜ ማጥፋት ነው። የሚያስፈልገው ኦፍ ስተምፑ፣ ማለትም ከሦስቱ ቋሚ እንጨቶች ከሰውነቱ በጣም የራቀው፣ በትክክል የት እንዳለ ማወቅና ከዚያ ውጭ የሚያልፈውን ኳስ ሳይነካ መተው ነው። ተጫዋቾች በራሳቸው ፈቃድ ሲለማመዱ ሁልጊዜ የሚወዱትንና አስቀድመው የሚችሉትን ይመርጣሉ፤ መዝገቡ የሚያስፈልጋቸውን ይነግረናል።

ከተመለከቱ በኋላ ለአንድ ተጫዋች በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መንገር ይገባል። አያያዙን፣ አቋቋሙን፣ የጭንቅላቱን አቀማመጥና የእግሩን እርምጃ በአንድ ምሽት የተነገረው ሰው በሚቀጥለው ጨዋታ ኳሱን ትቶ ራሱን ይመለከታል። በክለብ ደረጃ የማይረባ እርማት እንኳ ከብዙ እርማት ያነሰ ጉዳት ያደርሳል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወርዋሪው

የወርዋሪ ሥልጠና የሚጀምረው ኳሱ ከሚነጥርበት ቦታ ነው። ከዊኬት እስከ ዊኬት፣ ማለትም በሁለቱ ጫፍ በቆሙት ሦስት ሦስት እንጨቶች መካከል፣ ያለው ርቀት 20.12 ሜትር ሲሆን፣ በዚህ ርዝመት ውስጥ መቺውን በእውነት የሚያስቸግረው ቦታ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ኳሱ ለመቺው በጣም ቀርቦ ከነጠረ ወደ ፊት ተራምዶ ገና ከመሬት ሲነሣ ይመታዋል፤ በጣም ርቆ ከነጠረ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ አይቶ ለመወሰን ጊዜ ያገኛል። በመካከል ያለው ቦታ ግን ወደ ፊት መሄድም ወደ ኋላ መመለስም እንዳይወስን ያደርገዋል። በከፍተኛ ፍጥነት ለሚወረውር ሰው ይህ ቦታ ከመቺው ስተምፕ ከ6 እስከ 8 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ፍጥነቱ በቀነሰ መጠን ወደ መቺው ይጠጋል፤ ኳሱን በጣቱ ወይም በእጁ አንጓ ለሚያሾር ስፒነር ደግሞ ከዚያም በላይ ይቀርባል። ስለዚህ ለሁሉም ወርዋሪ አንድ ምልክት ማኖር ስሕተት ነው። የእያንዳንዱን ቦታ ለማግኘት ቀላሉ መንገድ አንድ ጥሩ መቺ አቁሞ፣ ከእያንዳንዱ ኳስ በኋላ እግሩን ለመወሰን ተቸግሮ እንደሆነ መጠየቅና «አዎ» ያለባቸውን ቦታዎች በኖራ ማመልከት ነው። ከሠላሳ ኳስ በኋላ ምልክቶቹ አንድ ላይ ተሰብስበው ይታያሉ፤ የዚያ ወርዋሪ ዒላማ ያ ነው።

ዒላማው ከታወቀ በኋላ ልምምዱ በቁጥር መያዝ አለበት። ወርዋሪው 24 ኳስ፣ ማለትም አራት ኦቨር፣ ይወረውራል፤ በዒላማው ላይ የነጠረው ይቆጠራል፤ ቁጥሩም በየሳምንቱ ይጻፋል። የመጀመሪያው ቁጥር ዝቅተኛ ቢሆን አያሳዝንም፤ የሚያሳዝነው ከሁለት ወር በኋላም ሳይታወቅ መቅረቱ ነው። ይህን ፈተና አንዳንድ ጊዜ በልምምዱ መጨረሻ፣ ሰውነት ሲደክም ማድረግ ያስፈልጋል፤ ጨዋታ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በመጨረሻዎቹ ኦቨሮች ነውና።

ቁጥሩ የማይሻሻል ከሆነ ክንዱን ከመንካት በፊት መንደርደሪያውን መመርመር ይበጃል። በየጊዜው ከተለያየ ርቀት የሚነሣ ሰው የሚወረውርበት ቦታ ሊጸናለት አይችልም። መንደርደሪያን ለመለካት ወርዋሪው ከመስመሩ ላይ ጀርባውን ለመቺው ሰጥቶ ወደ ሜዳው ዳርቻ ይንደረደርና በተመቸው ጊዜ ኳሱን ይልቀቅ፤ ጓደኛው የፊት እግሩ ያረፈበትን ቦታ ምልክት ያድርግ። ይህ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ሲደገም ምልክቶቹ የሚሰበሰቡበት ቦታ ተፈጥሯዊ መነሻው ነው። ርቀቱ በሜትር ተለክቶ ይጻፋል፤ በየሜዳውም በዚያው ልክ ይለካል። በመረቡ ውስጥም መስመሩ በግልጽ ተሠምሮ፣ ከፊት እግሩ የተወሰነ ክፍል በስተኋላው ሳያርፍ የተወረወረ ኳስ ሁሉ እንደ ጨዋታው ዋጋ ማጣት አለበት። በልምምድ ጊዜ በየኳሱ አንድ ጫማ አልፎ የሚረግጥ ሰው በጨዋታ ላይ ከመስመሩ በስተኋላ እንዲያርፍ መጠበቅ አይቻልም።

የአወራወርን ስልት በተመለከተ አሠልጣኙ ሁለት ነገር ብቻ ቢመለከት ይበቃዋል እላለሁ። የመጀመሪያው ሩጫው፣ የፊት እግሩ፣ ክንዱና ከለቀቀ በኋላ የሚከተለው እርምጃ ሁሉ ወደ ዒላማው ማምራታቸው ነው። ሁለተኛው የጀርባ ደኅንነት ነው። ወርዋሪ ኳሱን በሚለቅበት ጊዜ ጎኑን ወይም ፊቱን ወደ መቺው ሊያዞር ይችላል፤ ሁለቱም ይሠራሉ። አደገኛው ዳሌው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ትከሻው ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚዞርበት የተቀላቀለ ስልት ነው፤ በዚህ ጊዜ የታችኛው አከርካሪ በየኳሱ ይጠመዘዛል፤ በማደግ ላይ ባለ አጥንት ላይ ይህ ሲደጋገም ስንጥቅ ያመጣል። በወጣት ወርዋሪ ላይ የሚታይ የማይለቅ የወገብ ሕመም በዘይት ማሸት የሚታለፍ ጉዳይ ሳይሆን ወዲያው ከመወርወር አስቁሞ ሐኪም ዘንድ የሚያስልክ ነው።

ከስልቱም በላይ የሚጎዳው ብዛቱ ነው። በእንግሊዝ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የወጣት ፈጣን ወርዋሪዎች መመሪያ እስከ 13 ዓመት ላለ ልጅ ሳያርፍ በአንድ ዙር 5፣ በቀን 10 ኦቨር፤ ለ14ና 15 ዓመት 6ና 12፤ ለ16ና 17 ዓመት 7ና 18 ኦቨር ብቻ ይፈቅድ ነበር። አሠልጣኞች የሚዘነጉት ግን አጥንት የልምምድን ኳስ ከጨዋታ ኳስ ለይቶ እንደማይቆጥር ነው። በመረብ ውስጥ ማንም ሳይቆጥርለት 60 ኳስ የወረወረ የ12 ዓመት ልጅ 10 ኦቨር፣ ማለትም የቀኑን ሙሉ ድርሻ ጨርሷል። ደግሞም ጥሩ የሚወረውረው ልጅ ለዕድሜ እኩዮቹም፣ ለታላላቆቹም፣ ለትምህርት ቤቱም የሚጫወተው ያው ልጅ ነው። ስለዚህ የሳምንቱን ጠቅላላ ቁጥር የሚይዝ አንድ ኃላፊ፣ ወላጅም ቢሆን፣ መኖር አለበት።

ስፒነርን የሚያሠለጥን ሰው ከሁሉ በፊት ትዕግሥት ያስፈልገዋል። በእጁ አንጓ የሚያሾር ልጅ መጀመሪያ ኳሱ በደንብ እንዲዞር፣ ቀጥሎ በተፈለገው ቦታ እንዲነጥር መማር አለበት፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠና ገና ከጅምሩ ሩጫ እንዳይሰጥ ከተጨነቀ ማሾሩን ትቶ ኳሱን ቀስ አድርጎ ማስቀመጥ ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ መመለስ ከባድ ነው። የአውስትራሊያው ሼን ዋርን እ.ኤ.አ. በ1992 በሲድኒ ባደረገው የመጀመሪያ የቴስት ጨዋታ፣ ማለትም በአገር ቡድኖች መካከል ለቀናት በሚካሄደው ግጥሚያ፣ 150 ሩጫ ሰጥቶ ያገኘው አንድ ዊኬት ብቻ፣ ማለትም ያስወጣው አንድ መቺ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በማንቸስተር ከሌግ ስተምፕ፣ ማለትም ለመቺው ሰውነት ከቀረበው ቋሚ እንጨት፣ ውጭ አንጥሮ የእንግሊዛዊውን መቺ የማይክ ጋቲንግን ኦፍ ስተምፕ የመታበት ኳስ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ከቴስት ክሪኬት ሲሰናበትም 708 ዊኬት ነበረው። በክለባችን ያለ አንድ ወጣት ስፒነር ሁለት ኦቨር ብዙ ሩጫ ስላስቆጠረበት ብቻ ለወር ያህል ኳስ እንዳይነካ የሚደረግበት ልማድ መቅረት አለበት። የቡድኑ አለቃና አሠልጣኙ ልጁ ኳሱ ቢመታበትም ቢያንስ አራት ኦቨር እንደሚሰጡት አስቀድመው ቢነግሩት በነፃነት ያሾራል።

መቺው

በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር የሚወረወር ኳስ ወደ መቺው ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ውስጥ የማየት፣ የመወሰንና የመንቀሳቀስ ሥራ ሁሉ ስለሚጠናቀቅ፣ ለመቺ ከሁሉ የሚጠቅመው ጭንቅላቱ የማይናወጥ፣ ሁለት ዓይኖቹም በአግድም እኩል የሆኑ መሆናቸው ነው። ብዙ የእግር ችግር የሚመስለው ነገር የጭንቅላት ችግር ነው፤ ጭንቅላት ወደ ኦፍ ጎን ካዘነበለ ክብደት ይከተለዋል፤ መምቻውም ከኳሱ መስመር ወጥቶ ይወርዳል። ይህን ለማረም «ጭንቅላትህን አታንቀሳቅስ» ማለት ብዙ አይረዳም። በዝግታ እየተወረወረለት፣ ኳሱን ከመታ በኋላ እስከ ሦስት ቆጥሮ በዚያው አቋም እንዲቆይ ማድረግ ግን ራሱን እንዲያውቅ ያደርገዋል፤ ሚዛኑን የሳተ ሰው ሦስት ሳይደርስ ይንገዳገዳል።

የአውስትራሊያው ዶናልድ ብራድማን ባደገባት በቦውራል ከተማ በልጅነቱ ብቻውን የጎልፍ ኳስ በውኃ ታንኩ የጡብ መሠረት ላይ እየወረወረ፣ ነጥሮ ሲመለስም በመምቻ ፈንታ በአንድ ስተምፕ እንጨት ይመታ ነበር። ኳሱ ወዴት እንደሚመለስ አይታወቅም፤ እንጨቱም ከ4 ሳንቲ ሜትር አይሰፋም። በቴስት ክሪኬት በወጣ ቁጥር በአማካይ 99.94 ሩጫ ያስመዘገበው ሰው የተለማመደው እንዲህ ነው። ከዚህ የምወስደው እያንዳንዱ ኳስ አዲስ ጥያቄ መሆን እንዳለበት ነው። አንድ ዓይነት ኳስ፣ በአንድ ቦታ፣ ሃምሳ ጊዜ የተወረወረለት መቺ በዚያ ምሽት እጅግ ያማረ ይመስላል። ቅርብ፣ ሩቅ፣ ቀጥተኛና የሚዞር ኳስ እያፈራረቁ የወረወሩለት ደግሞ ይሳሳታል፣ ይበሳጫል፤ ከቀናት በኋላ ሲፈተኑ ግን የተማረው የሚጸናለት ብዙ ጊዜ ለሁለተኛው ነው። ፍጹም ጀማሪ ወይም አዲስ ምት የሚማር ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ድግግሞሽ ያስፈልገዋል፤ ምቱ ቅርጽ ከያዘ በኋላ ግን መቀላቀሉ መዘግየት የለበትም።

በመረብ ውስጥ ይህን ተግባራዊ ለማድረግ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት መቺዎች አብረው ይግቡ። አሠልጣኙ ፊልደሮቹ፣ ማለትም ኳስ ለመያዝ የተሰማሩት ተጫዋቾች፣ የት እንደሚቆሙ ከወርዋሪው ጋር ይወስንና ለመቺዎቹ ይንገራቸው፤ ከዚያም ሁኔታውን ይስጣቸው፦ ለምሳሌ በ6 ኦቨር 35 ሩጫ ያስፈልጋል፤ የቀሩት መቺዎች ሦስት ናቸው። እያንዳንዱ ምት ስንት እንደሚያስገኝ አሠልጣኙ ወዲያው ይፈርዳል፤ ያጠራጠረው ሁሉ ለወርዋሪው ይፈረድ። የወጣ መቺ ይውጣና ተራው እስኪደርስ ይጠብቅ። በመጀመሪያው ምሽት ተጫዋቾች ያጉረመርማሉ፤ በሁለት ኳስ የወጣው ሰው የመምታት ጊዜዬ ተወሰደብኝ ይላል። አቤቱታው ተገቢ ስለሆነ በምሽቱ መጨረሻ ሁለተኛ ዕድል ይሰጠው፤ ሕጉ ግን አይላላ። እኔ ራሴ ይህን አሠራር ከጀመርኩ በኋላ ተጫዋቾቹ ከመረቡ ሲወጡ ስለ ምታቸው ውበት ሳይሆን ስለ ውሳኔያቸው ሲከራከሩ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ቀድሞው አልተመለስኩም።

ሩጫን መለማመድ ደግሞ በክለቦች ዘንድ እጅግ የተረሳ፣ ነገር ግን በቶሎ ውጤት የሚሰጥ ነው። ከአንዱ የመቺ መስመር እስከ ሌላው ያለው ርቀት 17.68 ሜትር ነው። መምቻውን ዘርግቶ መሬት ለመሬት እያንሸራተተ የሚደርስ ሰው ቆሞ ከሚደርሰው ከአንድ ሜትር በላይ ይቀድማል። ጥሪው ከሦስት ቃል አይበልጥ፦ «ና»፣ «የለም»፣ «ቆይ»። ኳሱ ከመቺው ፊት ከሄደ የሚጠራው እሱ ነው፤ ከኋላው ከሄደ ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ጓደኛው ነው። ሁለተኛ ሩጫ የሚፈልግ ሰው ሲዞር ፊቱ ወደ ኳሱ እንዲሆን መምቻውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውር። ይህ ሁሉ ሙሉ መከላከያ ታጥቆ ሊሠራ ይገባል፤ ያለ መከላከያ የሚሮጥ ሰው የመከላከያውን ክብደት አይማርም።

መያዝና ማስቆም

ኳስ መያዝ በምሽቱ መጨረሻ፣ ብርሃን ሲደበዝዝ የሚጣል የአምስት ደቂቃ ሥራ መሆን የለበትም። ጠንካራው የክሪኬት ኳስ በወንዶች ጨዋታ 160 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ጣቱ አንድ ጊዜ የተጎዳ ጀማሪ ደግሞ ለወራት እጁን ከኳሱ ይሰበስባል። ስለዚህ በቴኒስ ኳስ ይጀመር፤ እጅ ኳሱ ሲነካው ወደ ሰውነት እየተሳበ መቀበልን ከለመደ በኋላ ወደ ጠንካራው ይታለፍ። ከደረት በታች የሚመጣ ኳስ ጣቶች ወደ ታች ሆነው፣ ከደረት በላይ በቀጥታ የሚመጣ ደግሞ ጣቶች ወደ ላይ ሆነው ይያዛል፤ ተጫዋቹ የሚጥለው ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል፣ በደረቱ ልክ በሚመጣው ኳስ ላይ ሲያመነታ ነው። ስለዚህ ያንን ከፍታ ሆን ብሎ መደጋገም ያስፈልጋል። በሰማይ ላይ ከፍ ብሎ ለሚወጣ ኳስ ዋናው ነገር አስቀድሞ መጥራት ነው፤ የራሱን ስም ጮኾ ያልጠራ ሰው ኳሱን ቢይዘው እንኳ በልምምዱ አይቆጠርለት።

ዊኬት ጠባቂው የራሱ ጊዜ ያስፈልገዋል። ኳሱ እስኪነጥር ዝቅ ብሎ መቆየት፣ ከኳሱ ጋር አብሮ መነሣት፤ ይህን ከስፒነሩ ጋር በየሳምንቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሠራ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ደኅንነትን በተመለከተ ድርድር የለም። ጠንካራ ኳስ የሚመታ ወጣት ሁሉ ራስ ቁር ያድርግ፤ ወርዋሪዎች በአንድ መረብ ውስጥ ጀርባቸውን ለመቺ ሰጥተው አይመለሱ። ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ደኅና ነኝ ቢልም በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ ሐኪም ይየው።

ከጨዋታው በኋላ

የክለብ አሠልጣኝ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ምናልባት ጨዋታው ካለቀ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ነው። ከሜዳ ገና የወጣን መቺ ማረም ፍሬ የለውም፤ ንዴቱ ይብረድ፤ ከዚያም ይጠየቅ፦ ኳሱ ሲመጣ ምን አየህ? ምን ልታደርግ ወሰንክ? ሲጠየቅ ራሱ የሚያገኘው መልስ ከአሠልጣኙ ንግግር ይልቅ ይቆይለታል። የስልክ ቪዲዮ ካለ በዝግታ ማሳየት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ተጫዋቹ የሚመለከተው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው፤ አለበለዚያ የራሱን ምስል ብቻ አይቶ ይሄዳል። ታዳጊዎችን ስንጠይቅ ደግሞ ጥያቄው በጓደኞቻቸው ፊት ባይሆን ይመረጣል፤ ከሃያ ዓመት በላይ የተጫወቱ አንጋፋዎች ዘንድ ደግሞ ለሌላው እንዲያስረዱ በመጋበዝ መጀመሩ ይሻላል፤ ለወጣቱ ሲያስረዱ የራሳቸውንም ልማድ ያያሉ።

የተጫዋቹን መልስ አሠልጣኙ በደብተሩ ይጽፈዋል፤ በሚቀጥለው የልምምድ ምሽትም ያ ተጫዋች ወደ መረቡ ሲገባ የሚጠብቀው የመጀመሪያው ኳስ በጨዋታው ያስወጣው ዓይነት ኳስ ይሁን።